ላሜራዋ ትቆይ ወይስ ትውለቅ

እኛ ቤት ክርክር አይበዛም። ባለቤቴ ይናገራል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ያሰብነውን እናደርጋለን። እንዲህ እየኖርን ልጅ አሳድገን ድረናል፤ ተመስገን። ይህን ሰላማችንን ያናጋው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ላሜራ ነው።

ላሜራዋ ከመኪናችን ሞተር ሥር የምትታሰር ናት። ጎማ የሚረጨው ጭቃና ውሃ፣ ከመንገድ የሚፈናጠረው ድንጋይ ሞተሩን እንዳያገኘው ትከላከላለች። ስፋቷ የሕፃን ፍራሽ ያህላል። ጠርዞቿ ወደ ላይ ታጥፈዋል። ቆሞ ለሚያይ ሰው አትታይም። እኔም መኪናዋ ግቢያችን ከገባች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ ያለ ነገር እንዳላት ያወቅሁት። ያወቅሁትም ባለቤቴ ሊያስወልቃት ሲነሳ ነው።

መኪናዋን ጡረታ ሲወጣ ከጨረታ ገዛት። የገጠር መንገድ መኪና ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች። እኔ ለመሳፈር በርጩማ ያስፈልገኛል። በርጩማውም ከኋላ ተጭኖ አብሮን ይሄዳል፣ መውረድም አለና። ባለቤቴ በቡና ወቅት ወደ ይርጋጨፌና ወደ ዱመርሶ ሰውና ዕቃ ያመላልስባታል። በሌላው ጊዜ ያጥባታል።

መካኒኩ እዚሁ ዲላ መውጫው ላይ የሚሠራ ወጣት ነው። ሥራውን የሚሠራው ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ መዝሙር እየዘመረ ነው። እሱ ፕሮቴስታንት ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ድምፁ ግን ለሁላችንም ያምራል። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ዘይት ልናስቀይር ጎራ አልን። እኔ ዘምቢሌን አቅፌ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። መዝሙሩ መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ጋሼ» አለ ከሥር። «ይቺን ላሜራ ብንገላገላትስ?»

«ምን አደረገችህ?» አለ ባለቤቴ።

«ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ይሄን ሁሉ ብሎን እፈታለሁ። መዝሙሬ ያልቃል፣ ብሎኑ አያልቅም። ደግሞ የምትሰበስበውን ይዩት።»

ላሜራዋን አወረዳትና ወደ ውጭ ጎተታት። የደረቀ ጭቃ፣ ሣር፣ የቡና ገለባ፣ አንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበረባት። ከሁሉም ሥር አንድ መፍቻ ወጣ። ባለቤቴ መፍቻውን አንስቶ በመሃረቡ ጠረገው። የራሱ ነበር። ከጠፋበት ከርሟል፤ ለጠፋበትም አንዴ መካኒኩን፣ አንዴ አማቻችንን፣ አንዴ እኔን ጠርጥሯል።

«አየህ» አልኩት፣ «ጠብቃ አቆየችልህ።»

«ምን ጠበቀችልኝ? ደበቀችብኝ እንጂ!»

ክርክሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ባለቤቴ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው ንብረት ክፍል ነው። የሚደበቅ ነገር አይወድም። መካኒኩም ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ «ዘይት ቢያንጠባጥብ አያዩትም፣ ላሜራዋ ላይ ነው የሚቀረው» ሲለው ነገሩ አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ስለ ላሜራዋ ሲያወራ ከመጋዘን የሚወገድ ዕቃ እንደሚመዘግብ ሰው ነበር የሚያወራው። መኪናዋ አትተነፍስም፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ሣሩ አንድ ቀን እሳት ይይዛል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት።

«እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር አንጀቱን በቆዳ ሸፈነለት። የሚንጠባጠብ ካለ ልይ ብሎ ክፍት አልተወውም።»

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ሲስቅ እግሮቹ ተነቃነቁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ላሜራዋም ለጊዜው ተመልሳ ታሰረች።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን ቤታችን መጡ። ጠበል ሲረጩ መኪናዋንም እንዲረጩልን ለመንኳቸው። ባለቤቴ አጋጣሚውን አላሳለፈም።

«አባቴ» አላቸው፣ «ከታች ሲረጩ ጠበሉ ሞተሩ ጋ አይደርስም።»

«ለምን?»

«ላሜራ አለች። ትከለክላለች።»

ወደ እኔ አየ። ላሜራዋ ጠበል የምትከለክል ከሆነ እኔ ምን እላለሁ? አባታችን አጎንብሰው አዩ፤ እንደ ምንም ቀና አሉ።

«ክዳኑን ክፈተው» አሉት። «ከላይ እረጨዋለሁ።»

ከላይ ረጩት። እኔ መስቀሉን ስሳለም ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ላሜራዋን ግን ጠበሉም አላተረፋት። በበጋው አንዱ ብሎን ወድቆ ኖሮ፣ አንድ እሁድ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በር እንደ ጸናጽል እያንሿሿች አደረሰችን። ከጸናጽልም የምታሳጣ ጸናጽል ናት። አጥሩ ጋ የቆሙት ሁሉ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ባለቤቴን «ከበሮውስ የታለ?» አሉት። ባለቤቴ ሙሉውን ቅዳሴ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ያን ዕለት ልቡ የተሰበረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ላሜራዋን አስወልቆ መጣ። ብሎኖቹን መካኒኩ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀመጣቸው። ላሜራዋ አጥራችን ላይ ተደገፈች።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አዲስ ሥራ ያዘ። ማታ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ያነጥፋል፤ ጠዋት ከጸሎት በፊት ካርቶኑን አውጥቶ የዘይት ጠብታ ይመረምራል። ብርሃን ላይ ይዘቀዝቀዋል፤ መነጽሩን ያወጣል፤ ያሸተዋል። ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ ታየዋለች።

«ዛሬ ምን ይላል?» ትለዋለች። «ዝናብ አለው?»

ስለዚህች ጎረቤቴ ልናገር። ጌዴኦ ናት፤ አማርኛዋ የራሷ ነው፣ ልቧ የሁላችንም ነው። ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። እናቴ በሩቅ አገር ነበረችና ያን ጊዜ ያለ እሷ ሰው አልነበረኝም። ከጓሮዋ እንሰት አላት፤ ቆጮዋ በሰፈሩ የታወቀ ነው። የፋቀችውን እንሰት በቅጠል በተለበደ ጉድጓድ ትጠቀጥቃለች፣ በቅጠል ትከድናለች፣ በድንጋይ ትጫነዋለች። ከዚያ እስኪደርስ ትጠብቃለች። የሚያስቸግሯት ውሻና ዝናብ ናቸው።

አንድ ቀን አጥሩ ጋ ቆማ ላሜራዋን ብዙ አየቻት።

«እትዬ፣ ይሄ ብረት ሥራ አለው?»

«ነበራት። አሁን ጡረታ ወጥታለች» አልኳት።

«ጉድጓዴ ላይ ልክደነው? ዝናብ አያስገባም። ውሻም አያነሳው።»

ወስዳ ከደነችው። ልክ ለጉድጓዱ የተሠራች ይመስል ገጠመች። ባለቤቴ አይቶ በጣም ተደሰተ፤ ለተወገደ ዕቃ ሥራ ተገኘለት። እኔ ደግሞ ደስ ያለኝ ላሜራዋ ሩቅ ስላልሄደች ነው።

ልጃችን ቡሌ አስተማሪ ናት። ባሏም እዚያው ያስተምራል። በዚያ ዓመት የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚታረሰው፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ በጎረቤቴም ዘንድ እንዲሁ ነው። ያሰብነው ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከልደታ ማርያም ቀደም ብለን ልናመጣት ነበር። ዝናቡ ግን ቀደመን።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋን ስታሰማምረው ሰማኋት።

«እማዬ፣ አዋላጇ አይታኛለች። ደህና ነኝ። ብቻ ልጁ ትልቅ ነው አለች። ምጥ ሳይጀምር ሆስፒታል አጠገብ ብትሆኚ ይሻላል አለች።»

«መንገዱስ?»

ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፉ ወሬ ሲያወራ እንኳ በይቅርታ ነው።

«ይቅርታ እማማ፣ ሚኒባሶቹ ቆመዋል። ዝናቡ አፈሩን አጥቦት ድንጋዩ ወጥቷል። ትናንት አንድ መኪና ሆዱን ተመታና ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሰሰ። እስካሁን እዚያው ቆሟል። ይቅርታ እማማ።»

ስልኩን ዘጋሁና የሰማሁትን ለባለቤቴ ነገርኩት። «ሆዱን ተመታ» የሚለውን አላጠነከርኩም። እንዳለ ነው የነገርኩት።

ባለቤቴ ካርቶኑን አየ። ካርቶኑ ላይ ምንም ጠብታ አልነበረም። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደ፤ አጥሩ ጋ ቆሞ ወደ ጎረቤቴ ጓሮ አየ። ብዙ ቆየ። ተመልሶ መጣ።

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አለ።

«እሺ።»

«ያቺ ላሜራ… ምን ላይ ናት አሁን?»

«ቆጮ ላይ።»

ሌላ ቃል አልወጣኝም። ለዚህ ዝምታዬ እስካሁን ዋጋዬን ከእግዚአብሔር እጠብቃለሁ።

ጎረቤቴ ነገሩን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አይሆንም! ገና ነው! አሁን ከተከፈተ ይበላሻል!»

«ልጄ ናት» አልኳት።

«እሱ አይደል! ቆጮው የማን ነው ብለሽ? የልጅሽ ነው። ለአራስ ቤቷ ነው የጠቀጠቅሁት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሁለታችን ጉድጓዱ ዳር ቆምን። ላሜራዋን ብናነሳ የልጄ ቆጮ ይበላሻል። ባናነሳ ልጄ ራሷ አትመጣም። ባለቤቴ በንብረት ክፍል ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመውም፤ አንድ ዕቃ ለሁለት ክፍል፣ ለአንድ ሰው።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ቤቷ ገባችና ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን አግዳሚ ይዛ ወጣች። ጉድጓዱ ላይ አጋደመችው፤ ድንጋይ ደረደረችበት፤ የማዳበሪያ ጆንያ አለበሰችው።

«ዋሳው አሁን የእግዚአብሔር ነው» አለች። ቆጮን በቋንቋዋ ዋሳ ትለዋለች።

ላሜራዋን ይዘን ወደ መካኒኩ ሮጥን። ጋራዡ ተዘግቷል። ጎረቤቱ «ይርጋጨፌ ጉባኤ ሄዷል፤ እሁድ ይመለሳል» አለን። ብሎኖቹ ያሉበት ጣሳ በመስኮቱ ይታያል። ባለቤቴ ፊቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ እንደ ሕፃን አየው።

ቤት ተመለስን። ባለቤቴ በሽቦ ልሰራት ብሎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ወዲያው ወጣ፤ ሽቦው ተበጠሰ፤ እጁን ቆረጠው።  ጎረቤቴ ይህን አይታ ቤቷ ሄደችና አንድ እቅፍ ቃጫ አመጣች። የእንሰቱ ጭረት ነው፤ ገመድ ይሆናል፣ አጥር ይታሰርበታል፣ ላምም ይታሰርበታል። ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ገመደችው፤ ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ተኛች።

«መኪና በቃጫ አይታሰርም» አላት ባለቤቴ።

«በሬም መጀመሪያ እንደዚያ ነው ያለው» አለች ከሥር።

በብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ ገመድ አሳልፋ ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረችው። ስትወጣ ላሜራዋን በጡጫዋ መታች። አልተነቃነቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ልንነሳ ስንል ጎረቤቴ ነጭ ጋቢዋን ለብሳ በርጩማዬን ይዛ መኪናው ጋ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አላት ባለቤቴ።

«ያሰርኩት እኔ። ቢፈታ ማን ያስረዋል? አንተ?»

ከኋላ ገባች። እኔ አማተብኩ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና በራሷ ጸለየች፤ ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳ።

መንገዱ አማቼ እንዳለው ነበር፤ ይቅርታውን ሳይጨምር። ዳገቱን እንደጀመርን የመጀመሪያው ድንጋይ ከሥር መታን። ጓ! ባለቤቴ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ትንሽ ሄደን ሁለተኛው መታን። ጓ! ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሦስተኛው ከሁሉም የበረታ ነበር፤ ወንበሬ ድረስ ተሰማኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ እንሰቱን አየሁ። አንድም ቃል አልተናገርኩም። ባለቤቴ ግን ሰማኝ።

«እሺ፣ ገባኝ!» አለ።

«ምን አልኩህ?»

«ምንም አላልሽም! እሱ ነው የሚያናድደው!»

ጎረቤቴ ከኋላ ሳቀች።

ከዚያ ሽታው ጀመረ። ላሜራዋ ያን ያህል ጊዜ ጉድጓድ ላይ ስትከርም የቆጮው ውሃ ጠርዞቿ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሞተሩ ሲግል እሷም ጋለች። መጀመሪያ ትንሽ ኮመጠጠ። ቀጥሎ መኪናዋን ሞላው። መስኮት ከፈትን፤ ያን ጊዜ ሽታው መንገዱን ያዘ። በዳገቱ የሚሄዱ ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። አንድ ቦታ ላይ ከብት የሚያሳልፉ ሰውዬ አስቆሙን።

«ቆጮ ነው የጫናችሁት?»

«አይደለም» አለ ባለቤቴ።

«እየሸተተኝ! ለመሸጥ ነው?»

«ሞተሩ ነው አባቴ!»

ሰውዬው ወደ ክዳኑ ጠጋ ብለው አሸተቱ። «ጥሩ ሞተር ነው» አሉና መንገዱን ለቀቁልን።

ቡሌ ስንደርስ ብርድና ጭጋግ ነበር። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች፤ ጋቢ ደርባ፣ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ። ፊቷ ከስቷል። አማቼ ምግብ እንዳስጠላት በስልክ ነግሮኝ ነበር። አቀፍኳት። ከትከሻዬ በላይ አፍንጫዋ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

«እማዬ! የጎረቤታችንን ቆጮ ይዛችሁልኝ መጣችሁ?»

ቡሌ የቆጮ አገር ነው፤ ቆጮ ጠፍቶ አልነበረም። እሷ ግን አንዱን ከአንዱ ለየችው፤ ያደገችበት ነዋ። ምን እላታለሁ?

«ላሜራ ነው» አለ ባለቤቴ።

ጎረቤቴ በርጩማውን መሬት አስቀምጣ ተቀመጠችና እስኪበቃት ሳቀች። ልጄም ነገሩ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያን ያህል ስትስቅ ፈራሁላት። ከዚያ ራበኝ አለች። ያገኘነውን ሰጠናት፤ በላች። ተመስገን።

ብዙ አልቆየንም። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ልጄን ከፊት አስቀመጥናት፤ እኔ፣ ጎረቤቴና አማቼ ከኋላ ሆንን። ቁልቁለቱን ባለቤቴ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳው። ዝናቡ ግማሽ መንገድ ላይ አገኘን። አንድ ውሃ መንገዱን የሚያቋርጥበት ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ጠዋት በቀላሉ ነበር ያለፍነው። አሁን ጭቃ ብቻ ሆኗል። መኪናዋ መሃሉ ላይ ደረሰች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች። ጎማዎቹ ሲዞሩ ጭቃው እስከ መስታወቱ ተረጨ።

ወረድን። አማቼ ገፋ፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ አጎንብሶ ከሥር አየና ተነሳ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አወቅሁት፤ የመፍቻው ቀን ፊቱ ነበር።

«ላሜራዋ ናት!» አለ። «ጭቃውን እንደ አካፋ ዝቃ ሆዷ ሥር ከምራዋለች! ጎማዎቹ መሬት አይነኩም! አላልኩም?»

«ጠዋት ድንጋዩን ማን መለሰልህ?»

«ጠዋት ሌላ ነው! አሁን ጭቃ ነው!»

«ዘይቱ ፈሶ እዚያ ብንቆም ጭቃውንም አታየውም ነበር!»

«እኔ ያልኩት መኪናዋ…»

«ትተንፍስ፣ አውቃለሁ!»

በትዳራችን እንዲያ ጮኬ አላውቅም። በዝናብ፣ በባዶ መንገድ፣ ነጠላዬ ራሴ ላይ ተጣብቆ። አማቼ ባንድ እግር ጫማ መሃላችን ቆሞ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል። ልጄ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ፣ አባዬ። ስለ ላሜራዋ ስትጨርሱ ንገሩኝ። እኔን ትንሽ አሞኛል።»

ክርክሩን ትተን ወደ መስኮቱ ሮጥን።  ጎረቤቴ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የልጄን ሆድ ዳሰሰች፤ ጠበቀች፤ እንደገና ዳሰሰች።

«ገና ነው» አለች። «ግን ብዙ አይደለም። እናንተ ክርክሩን ቀጥሉ።»

ጋቢዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና በጭቃው ላይ ተኝታ ከመኪናዋ ሥር ገባች። እኔ እመቤቴን ጠራኋት፤ ሌላ የምጠራው አልነበረኝም። ከሥር ጎረቤቴ በጌዴኦኛ ስታጉረመርም ይሰማናል። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ሳበቻቸው። መፍቻ አላስፈለጋትም፤ ብሎን ቢሆን ኖሮ በዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ያገኘው ነበር? ላሜራዋ ዱብ ብላ ወደቀች። የተከመረውም ጭቃ አብሯት ወረደ። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ ብላ ጎማዋ መሬት ነካ፤ ነገር ግን መሬቱ አሁንም ጭቃ ነው።

ጎረቤቴ ላሜራዋን ጎትታ ስታወጣ ባለቤቴ ያዘላት። ወደ ዳር ሊጥላት የሄደ መስሎኝ ነበር። ቆመ። ላሜራዋን አየ፣ ጎማውን አየ። ከዚያ ያን ያህል የሚጠላትን ላሜራ ተንበርክኮ ከኋላ ጎማው ሥር በሁለት እጁ ጠቀጠቃት፤ ጠርዟን ወደ ፊት አድርጎ፣ ለመኝታ እንደሚያነጥፍ ሰው በጥንቃቄ።

ገባና ሞተሩን አስነሳ። እኛ ገፋን። ጎማው አንዴ አንሸራተተ፤ ሁለተኛ ብረቱን ነከሰ፤ መኪናዋ ወጣች። አማቼ በደረቱ ጭቃው ላይ ቀረ። እኔ «እልል» ማለቴን ያወቅሁት ጎረቤቴ ስትቀበለኝ ነው።

ላሜራዋ እንደ ጀልባ ጎብጣ፣ የጎማ ጥርስ ጀርባዋ ላይ ታትሞ ቀረች። ጎረቤቴ በጎርፉ አጠበቻት። አማቼ ከኋላ ጫናት፤ እግራችንን አሳረፍንባት። ትንሽ ከሄድን በኋላ ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝ።

«እንዳልኩት ወለቀች» አለ።

«እንዳልኩት አብራን ነበረች» አልኩት።

ልጄ ወንበሯን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁን አቁማ ተነፈሰች፤ ሁላችንም አብረናት ተነፈስን። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ደህና ነበር። ሳይጨልም ዲላ ገባን።

ሕመሙ በዚያ ቀን አለፈላት። ምጡ የመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ በመጣ ጊዜ ሆስፒታሉ ከቤታችን ቅርብ ነበር። ከባድ ነበር። ሐኪሟ ስትወጣ «ቅርብ መሆናችሁ ጥሩ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እግዚአብሔር ልጄን በሕይወት ሰጠኝ፣ የልጅ ልጄን አሳቀፈኝ። ሴት ናት። አዋላጇ እንዳለችው ትልቅ ናት።

ጎረቤቴ ጉድጓዱን ስትከፍት የላዩ ተበላሽቶ ነበር፤ አንድ ውሻም አግዳሚዋን ከቦታው ገፍቶት ነበር። የሥሩ ግን ደህና ነበር። ቆጮውን ጋግራ በቅቤ ለውሳ አመጣችልን። ልጄ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ላሜራ ላሜራ ይላል» አለች።

መካኒኩ ከጉባኤው ተመልሶ ነገሩን ሰማ። የብሎን ጣሳውን ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ላሜራዋን ገለበጣት፣ ቀዳዳዎቿን ከመኪናዋ ቀዳዳ ጋር ለካቸው። አንዱም አይገጥምም፤ ጎብጣለች።

«ጋሼ፣ አቃንቼ በብሎን ልግጠማት ወይስ ልጣላት?»

ባለቤቴ እኔን አየኝ። እኔ ሕፃኗን አየሁ።

«ተዋት» አለው። «ይቺ የብሎን አይደለችም።»

ወደ ቡሌ የሚመለሱት ከክርስትናው በኋላ ነበር። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መኪናው ጋ ሄድን። ዝናብ ጥሎ ያባራ ነበር። በርጩማው ቀረበ፤ ልጄ ግን ሕፃኗን ታቅፋ ቆመች፤ አልወጣችም።

«አባዬ፣ ላሜራዋስ?»

 አባቷ መኪናዋ ፊት ለፊት በነጭ ልብሱ ተንበረከከ፤ ግንባሩን እርጥቡ መሬት ላይ አደረገ። አልፈው የሚሄዱት ሰዎች ስግደት መስሏቸው ቆሙ። የንስሐ አባታችንም ከቤተ ክርስቲያኑ በር አዩትና «ተመስገን ነው» አሉ። እኔም እውነት ለመናገር ልቤ ተነክቶ ነበር። ከዚያ አንዱን ክንዱን ወደ ውስጥ ሰዶ ገመዶቹን አንድ በአንድ ሲስብ አየሁት።

«ጠብቋል» አለ ከሥር። «ግቢ።»

ቃጫውን የሚያስረው አሁን እሱ ራሱ ነው። ጎረቤቴ አስተምራዋለች፤ ቋጠሮው ገና እንደሆነም ከአጥሩ በላይ ትነግረዋለች። ለድንጋይ መንገድ ያስራታል፣ ለጭቃ ይፈታታል፣ በከተማ ከኋላ ከበርጩማዬ ጋር ትጓዛለች። ስለዚህ ላሜራዋ ቆየች ወይስ ወለቀች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ባለቤቴን ይጠይቅ። ያን ቀን ልጄ በርጩማው ላይ ወጣች፤ ሕፃኗን አቀበልኳት፤ በሩን ዘጋሁ። እስኪርቁ ቆሜ አየኋቸው። ጓ የሚል ድምፅ ከሩቅ ሰማሁና አማተብኩ።